መስኩ ባዶ ነው ወይስ ጭራሽ የለም? ስለ ጄሰንና ስለ ዓይነት የተደረገ ክርክር

መነሻ ጥያቄ

ከዚህ በታች አንድ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ውይይት ምላሽ በምላሽ ይቀርባል። ጠያቂው የተጠቃሚዎችን መረጃ የሚይዝ ሰርቨር ጎ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይጽፋል። የስልክ መተግበሪያው ለውጥ ሲኖር ሙሉውን መረጃ አይልክም፤ የተለወጠውን መስክ ብቻ በጄሰን፣ ማለትም ፕሮግራሞች መረጃ በሚላላኩበት የጽሑፍ ቅርጽ፣ ይልካል። አንድ ሰው ስሙን ሲያርም በሚመጣው ጽሑፍ ውስጥ ያለው ስም ብቻ ነው። ሰርቨሩ ግን ይህን የሚያነብበው ሦስት መስኮች ወዳሉት ስትራክት፣ ማለትም መስኮችን በአንድ ላይ ወደሚይዝ ቅርጽ ነው፦ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ እና ማሳወቂያ ይላክ እንደሆነ በእውነት ወይም በሐሰት የሚናገር ቡሊያን። በጎ ያልተሞላ ስትሪንግ (ጽሑፍ) ባዶ ስትሪንግ ነው፤ ያልተሞላ ቡሊያንም ሐሰት ነው። ኮዱ ሦስቱንም ወደ ዳታቤዙ ጻፋቸው። ስማቸውን ያረሙ ሰዎች ሁሉ ስልክ ቁጥራቸው ጠፋ፤ ማሳወቂያቸውም ተዘጋ። ኮምፓይለሩም ሆነ ጄሰን ፈቺው ትንፍሽ አላሉም፤ በመዝገቡ ላይ አንድም ስህተት አልሰፈረም። ነገሩ የታወቀው መልእክት መድረስ ያቆመባቸው ሰዎች ማጉረምረም ሲጀምሩ ነው።

ከዚህ ተነስቶ ጠያቂው አንድ ጥያቄና አንድ አቋም ያቀርባል። ጥያቄው ያልተላከን መስክ ባዶ ሆኖ ከተላከው እንዴት መለየት ይቻላል የሚል ነው። አቋሙ ደግሞ የእያንዳንዱን እሴት ዓይነት፣ ማለትም ቁጥር ነው ወይስ ጽሑፍ የሚለውን፣ አስቀድመን እንድንናገር የሚያስገድዱ ቋንቋዎች ለጄሰን አልተፈጠሩም፤ ሁሉንም ወደ ማፕ፣ ማለትም ወደ ተራ የቁልፍና የእሴት ዝርዝር፣ አንብቦ መገላገል ይሻላል የሚል ነው። ጥያቄው የሚደነቅ ነው። አቋሙን ግን ሰዎች በዝምታ አላለፉትም።

ምላሽ 1። ትሑት ሰው ነው። ጠያቂውን ወንድሜ ብሎ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ መስኮቹን ከስትሪንግ ወደ የስትሪንግ ፖይንተር፣ ማለትም እሴቱ ወዳለበት ቦታ ወደሚያመለክት ጠቋሚ፣ እንዲለውጣቸው ይመክራል። መስኩ ካልመጣ ፖይንተሩ ኒል ይሆናል፣ ማለትም ወደ ምንም አያመለክትም፤ ባዶ ስትሪንግ ከመጣ ግን ኒል ያልሆነ፣ ወደ ባዶ ጽሑፍ የሚያመለክት ፖይንተር ይገኛል። ወደ ዳታቤዝ ከመጻፍ በፊት ኒል የሆነውን መዝለል በቂ ነው ይላል። አብዛኛው የጎ ጸሐፊ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ለብዙ ጉዳይም ይበቃል።

ምላሽ 2። ለብዙ ጉዳይ እንጂ ለዚህ ጉዳይ እንደማይበቃ ያስረዳል። ሁኔታዎቹ ሁለት ሳይሆኑ ሦስት ናቸው፦ መስኩ አልመጣም፤ መስኩ መጥቶ እሴቱ ነል (በጄሰን ምንም የለም የሚለው ቃል) ነው፤ መስኩ ከነእሴቱ መጥቷል። ተጠቃሚው ስልክ ቁጥሩን ሆን ብሎ ማጥፋት ሲፈልግ መተግበሪያው ነል ይልካል። በፖይንተር ሲነበብ ግን ያልመጣውም ነል ሆኖ የመጣውም እኩል ኒል ናቸው። ማለትም የምላሽ 1ን ምክር የተከተለ ሰው የማይፈለገውን መሰረዝ ያቆማል፤ የሚፈለገውን መሰረዝም አብሮ ይዘጋል። ምላሹ አጭር፣ ጨዋና ልክ ነው፤ ውይይቱን ወደ መስመር ያስገባውም እርሱ ይመስለኛል።

ምላሽ 3። ይህ አዲስ ችግር አይደለም ብሎ በ2014 የወጣውን አርኤፍሲ 7396 ይጠቅሳል፤ አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደንቦች የሚወጡበት ሰነድ ነው። በዚያ ደንብ መሠረት የማሻሻያ ሰነድ ውስጥ የሌለ መስክ እንዳለ ይቆያል፤ ነል ሆኖ የመጣ መስክ ይሰረዛል። ደንቡ ቀላል ነው፤ የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ ነልን እንደ እሴት ማስቀመጥ አለመቻል ነው። ይህን የማይፈልግ ሰው የ2013ቱን አርኤፍሲ 6902 ይይ፤ እዚያ የሚላከው ሰነዱ ሳይሆን ጨምር፣ አስወግድ፣ ተካ የሚሉ ትእዛዞች ዝርዝር ነው። ጸሐፊው ቁጥሮቹን ብቻ ደርድሮ ቢሄድ ማንም አያነብለትም ነበር። የትኛው መቼ እንደሚጠቅም አክሎ ስለጻፈ ብዙዎች አመሰገኑት።

ምላሽ 4። የራስት ቋንቋ ተጠቃሚ ናት። ሦስቱን ሁኔታዎች በዓይነት ማስፈር እንደሚቻል ታሳያለች፦ አማራጭ ውስጥ አማራጭ። አማራጭ የሚባለው እሴት ሊኖረውም ባዶ ሊሆንም የሚችል ዓይነት ነው። የውጩ አማራጭ መስኩ መጣ ወይስ አልመጣም የሚለውን፣ የውስጡ ደግሞ እሴት አለው ወይስ ነል ነው የሚለውን ይይዛል። ቀጥላም ሰው የሚሳሳትበትን ቦታ በጣቷ ትጠቁማለች። ራስት ጄሰን የሚያነብበት ሰርድ የተባለው ላይብረሪ እንዲህ ያለውን ድርብ አማራጭ ብቻውን ሲያገኝ ነልን የሚተረጉመው የውጩ አማራጭ ባዶ እንደሆነ አድርጎ ነው። ስለዚህ ለመስኩ የራሱን አንባቢ ፈንክሽን መስጠት፣ መስኩ ሲጎድልም ነባሪ እሴት እንዲይዝ መንገር ያስፈልጋል። ያለዚያ ዓይነቱ ሦስት ሁኔታ ያስነብባል፤ ሁለቱን ብቻ ይይዛል።

ለጎ ተጠቃሚዎችም መንገድ አላት። ጎ ከ1.18 ስሪት፣ ማለትም ከመጋቢት 2022 ጀምሮ፣ ለማንኛውም ዓይነት የሚሠራ አንድ ስትራክት መጻፍ ያስችላል። በውስጡ መጣ የሚል ቡሊያን፣ ነል ነው የሚል ቡሊያን፣ እና እሴቱ ይቀመጣሉ። ለዚህ ስትራክት የራሱ የጄሰን ማንበቢያ ዘዴ ሲጻፍለት ፈቺው መስኩን ካላገኘ ዘዴውን አይጠራውም፤ ነል ካገኘ ግን ይጠራዋል። ይህቺ ልዩነት ናት ሁሉን ነገር የምትፈታው። ዘዴው ገና እንደተጠራ መጣ የሚለውን እውነት ያደርጋል፤ ከዚያ የቀረበለት ጽሑፍ ነል መሆን አለመሆኑን ይመለከታል፤ ነል ካልሆነ እሴቱን ያነብባል። ሃያ መስመር የማይሞላ ኮድ ነው።

እኔ ብሆን ውይይቱን እዚህ እዘጋው ነበር። ሰዎች ግን ገና መሞቃቸው ነው።

ምላሽ 5። ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ማፕ ተጠቀሙ ይላል። ከዚያ ሌላ ቃል የለውም።

ምላሽ 6። ከድጡ ወደ ማጡ መሆኑን ያሳያል። በጎ ጄሰንን ዓይነቱ ወዳልተነገረ ማፕ ሲያነቡት ቁጥር ሁሉ 64 ቢት ተንሳፋፊ ቁጥር ይሆናል። እንዲህ ያለው ቁጥር ሙሉ ቁጥሮችን ያለ መዛባት የሚይዘው እስከ 2 ኃይል 53 ድረስ ብቻ ነው። ጸሐፊው አንድ የግዢ ትእዛዝ መለያ ቁጥር ያቀርባል፦ 9007199254740993። ይህ ወደ ማፕ ተነብቦ ተመልሶ ሲጻፍ መጨረሻው 2 ሆኖ ይወጣል። ስህተት የለም፤ ማስጠንቀቂያ የለም፤ የተከፈተው የሌላ ሰው ትእዛዝ ነው። ትዊተርም በ2010 ወደ ረጃጅም መለያ ቁጥሮች ሲሸጋገር ጃቫስክሪፕት ቁጥሮቹን ስለሚያዛባቸው ያንኑ መለያ በስትሪንግ መልክ የያዘ ሁለተኛ መስክ መጨመር ግድ ሆኖበት ነበር ይላል።

ምላሽ 7። ለምላሽ 6 ማረሚያ ነው። የጎ ፈቺ ቁጥሮችን እንደ ጽሑፋቸው እንዲያቆይ ማዘዝ ይቻላል፤ ያኔ አይዛቡም። አርሚው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ይህን ትእዛዝ የሚያስታውስ ሰው ቀድሞውንም ዓይነቱን የሚያውቅ ሰው ነው።

ምላሽ 8። የክፍያ ሥርዓት ላይ ለዓመታት እንደሠራ የሚናገር ሰው ጉዳዩን ወደ ገንዘብ ይወስደዋል። የገንዘብ መጠን በአስርዮሽ ነጥብ ሲላክ ላኪው በትክክል ጽፎት ተቀባዩ ሲያነብበው ሊያዛባው ይችላል፤ በተንሳፋፊ ቁጥር 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ልክ 0.3 እንደማይሆኑ ሁሉም ያውቃል። እርሱ የሚሠራባቸው ቦታዎች ሁለት ልማዶች አሉ፦ ወይ በትንሹ የገንዘብ መለኪያ ሙሉ ቁጥር መላክ፣ ወይ በስትሪንግ መላክና ተቀባዩ ወደ አስርዮሽ ዓይነት እንዲለውጠው ማድረግ። ቀኑንም እንዲሁ፤ ጄሰን የቀን ዓይነት የለውም፤ በአርኤፍሲ 3339 አጻጻፍ የተጻፈ ስትሪንግ ይላካል፤ ከነሰዓት ልዩነቱ። ትንሽ ከርእሱ ወጣ፤ ቢሆንም ከብዙዎቹ ይሻላል።

ምላሽ 9። ሹል ነው። በፓይተን ይህ ሁሉ ችግር ኖሮበት እንደማያውቅ፣ ዓይነት አጥባቂዎች ራሳቸው የፈጠሩትን ችግር ራሳቸው እየፈቱ እንደሚጨበጨቡ ይናገራል።

ምላሽ 10። ችግሩ አልነበረም ሳይሆን አልታየም ሲል ይመልስለታል። በፓይተን ቁልፉ ከሌለ ፕሮግራሙ የሚወድቀው ቁልፉ በተፈለገበት መስመር ነው፤ ያ መስመር ደግሞ ጄሰኑ ከተነበበበት ቦታ አሥር ፈንክሽን ሊርቅ ይችላል። የቃላቱ አመራረጥ ጨዋ አልነበረም፤ ፍሬ ነገሩ ግን ቁም ነገር ነው። ስህተትን በበር ላይ መያዝና ቤት ውስጥ ሲንጎዳጎድ መፈለግ አንድ አይደሉም።

ምላሽ 11። እንዲህ ያለው ነገር ዓይነት አጥባቂ በሚባለው ቋንቋም እንደሚደርስ በአንድ ገጠመኝ ያሳያል፤ ከውይይቱ ሁሉ እኔን ያስደሰተኝ ይህ ነው። ሰውየው በኮትሊን የአንድሮይድ መተግበሪያ ይጽፍ ነበር። ኮትሊን ነል ሊሆን የሚችለውንና የማይችለውን ዓይነት ይለያል፤ የሰውየው የተጠቃሚ ክላስ ውስጥ ስም ነል ሊሆን አይችልም ተብሎ ተጽፏል። ጄሰኑን የሚያነብበው ጂሰን የተባለው የጃቫ ላይብረሪ ነበር። አንድ ቀን ሰርቨሩ ስም የሌለበት መልስ ላከ። ላይብረሪው ለክላሱ ባዶ ኮንስትራክተር፣ ማለትም ምንም እሴት ሳይጠይቅ ኦብጀክት የሚፈጥር ፈንክሽን፣ ስላላገኘ ኮንስትራክተሩን ጨርሶ ሳይጠራ፣ በጃቫ ምናባዊ ማሽን ጓዳ በር በኩል የኦብጀክቱን ማህደረ ትውስታ አስይዞ፣ ያገኛቸውን መስኮች በሪፍሌክሽን፣ ማለትም ከክላሱ ውጭ ሆኖ መስኮቹን በስማቸው እየነካ፣ ሞላ። ስም ያለበት ቦታ ነል ሆኖ ቀረ። ኮትሊን የሚያስገባቸው የነል ፍተሻዎች በኮንስትራክተሩ ውስጥ ነበሩ፤ ኮንስትራክተሩ ግን አልተጠራም።

ኦብጀክቱ ሦስት ገጾችን አልፎ ሄደ፤ በአራተኛው ስሙ በትልልቅ ፊደል ሊጻፍ ሲል መተግበሪያው ወደቀ። የስህተቱ መልእክት የሚያሳየው ገጹን የሚሥለውን የኮድ መስመር ነው፤ ስለ ጄሰን አንድም ቃል የለበትም። ባለጉዳዩ መጀመሪያ ያጠፋው ጊዜ የገጹን ኮድ ሲመረምር ነው፤ ምክንያቱም ኮምፓይለሩ ይህ እሴት ነል ሊሆን አይችልም ብሎ ምሎ ነበርና። በመጨረሻ ወደ ኮትሊን የራሱ የሰሪያላይዜሽን ላይብረሪ ተዛወረ፤ እርሱ የጎደለ መስክ ሲያገኝ እዚያው በንባቡ ላይ የመስኩን ስም ጠርቶ ይወድቃል።

ምላሽ 12 እና 13። ሁለቱም እኛም ደርሶብናል የሚሉ ናቸው። አንዱ የታይፕስክሪፕት ሰው ነው። እዚያ ነገሩ የባሰ ነው ይላል፤ ፈቺው የሚመልሰው ማንኛውንም ሊሆን የሚችል ዓይነት ነው፤ ይህን እንደ ተጠቃሚ ቁጠረው ብሎ ማዘዝ ኮምፓይለሩን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ምንም አይፈትሽም። ፕሮግራሙ ሲሮጥ ዓይነቶቹ ሁሉ ተገፍፈው ጠፍተዋል።

ምላሽ 14። ጠያቂው ተመለሰ። የምላሽ 4ን ስትራክት እንደሞከረና እንደሠራለት ገልጾ ያመሰግናል፤ ስለ ማፕ የተናገረውን አላነሳውም፤ ማንም አልጠየቀውም። አሁን ያስቸገረው የመጻፉ ወገን ነው። ተጠቃሚው አድራሻ ከሌለው ሰርቨሩ ባዶ ዝርዝር መላክ ሲገባው ነል ይልካል፤ መተግበሪያውም ዝርዝሩን ሊቆጥር ሲል ይወድቃል።

ምላሽ 15። በጎ ዝርዝር ስላይስ ይባላል። ያልተፈጠረ ስላይስና ባዶ ስላይስ ለቋንቋው ተጠቃሚ አንድ ይመስላሉ፤ የሁለቱም ርዝመት ዜሮ ነው፤ ጄሰን ጸሐፊው ግን ይለያቸዋል። ያልተፈጠረው ነል ሆኖ ይጻፋል፤ የተፈጠረው ባዶ ቅንፍ ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ከመጻፍ በፊት ባዶ ስላይስ መፍጠር ነው። በነሐሴ 2025 በወጣው የጎ 1.25 ስሪት ለሙከራ የቀረበው ሁለተኛው የጄሰን ጥቅል ይህን ልማድ ለውጦታል፤ እዚያ ያልተፈጠረ ስላይስም ባዶ ቅንፍ ይሆናል።

ምላሽ 16። ባዶ ከሆነ ተወው የሚለውን የጎ ምልክት በየስትራክቱ መስክ የሚለጥፉ ሰዎች ያበሳጩታል። ያ ምልክት ሐሰትን፣ ዜሮንና ባዶ ስትሪንግን ሁሉ ከጄሰኑ ያወጣል። የመጋዘን ቀሪ ዜሮ ሲሆን ቀሪ የሚለው መስክ ከመልሱ ይጠፋል፤ ገዢው ዕቃው ማለቁን የሚያውቅበት መንገድ የለም። በሌላ በኩል ያው ምልክት ጊዜን በሚይዝ ስትራክት ላይ ሲለጠፍ ምንም አያደርግም፤ ስትራክት ባዶ ተብሎ አይቆጠርምና። በየካቲት 2025 የወጣው ጎ 1.24 ለዚህ ዜሮ ከሆነ ተወው የሚል ሌላ ምልክት ጨምሯል። ጸሐፊው ምሬቱን የሚጨርሰው አንድ ምልክት አሥር ዓመት ሙሉ ሰው ሲያታልል ኖሮ ሁለተኛ ምልክት ተጨመረበት በማለት ነው። መረር ያለ ነው፤ ሐሰት ነው ግን አልልም።

ምላሽ 17። ያልተጠበቀ አቅጣጫ ነው፦ የተደገመ ቁልፍ። በ2017 የወጣው አርኤፍሲ 8259 በአንድ ኦብጀክት ውስጥ ያሉ ስሞች ሊለያዩ ይገባል ይላል እንጂ መለያየታቸውን ግዴታ አያደርግም። ስለዚህ አንዱ ፈቺ የመጀመሪያውን ይይዛል፤ ሌላው የመጨረሻውን፤ ሌላው ስህተት ይላል። ጸሐፊው በዚያው ዓመት ይፋ የሆነውን የካውችዲቢ ዳታቤዝ ድክመት ያነሳል። የተጠቃሚ ሰነድ ወደ ዳታቤዙ ሲላክ ሚናዎች የሚለው ቁልፍ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ በመጀመሪያው ላይ የአስተዳዳሪ ሚና፣ በሁለተኛው ላይ ባዶ ዝርዝር። ሰነዱን የሚፈትሸው ክፍል የተጻፈው በጃቫስክሪፕት ስለነበር የሚያየው የመጨረሻውን ነው፤ ባዶ ዝርዝር ነውና አለፈ። ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል የተጻፈው በኤርላንግ ነበር፤ እርሱ ያነበበው የመጀመሪያውን ነው። ተራ ተጠቃሚ አስተዳዳሪ ሆነ።

አክሎም የጎ የመጀመሪያው ጥቅል ትልቅና ትንሽ ፊደልን ሳይለይ መስክ እንደሚያዛምድ ያስታውሳል። ስለዚህ በትንሽ ፊደል የተጻፈ ቁልፍና በትልቅ የተጻፈ ቁልፍ አንድ መስክ ውስጥ ይገባሉ፤ ኋላ የመጣው ያሸንፋል። ሁለተኛው ጥቅል በነባሪው ይህን አይፈቅድም፤ የተደገመ ቁልፍንም አይቀበልም።

ምላሽ 18። ይህ የደኅንነት ወሬ ነው፤ ከዓይነት ጋር ምን አገናኘው ይላል።

ምላሽ 19። ያገናኘዋል ትላለች የምላሽ 4 ጸሐፊ። አንድ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ከተነበበ፣ አንዴ ለመፈተሽ አንዴ ለመሥራት፣ ሁለቱ ንባቦች ላይስማሙ ይችላሉ። አንዴ ተነብቦ ወደ አንድ ዓይነት ከተለወጠና ከዚያ በኋላ ሁሉም ክፍል ያንን ዓይነት ብቻ ከተቀበለ ግን የሚጣላ ሁለተኛ ንባብ የለም። ይህን ነጥብ ማንም ሊያፈርሰው አልቻለም፤ ምላሽ 18ም ዝም አለ።

ምላሽ 20። በጃቫ ጃክሰን የተባለውን ላይብረሪ ይዘው መረጃው ራሱ የክላስ ስም እንዲናገር የፈቀዱ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው በአጭሩ ይተርካል። በጄሰኑ ውስጥ የክላስ ስም ይመጣል፤ ላይብረሪው ያንን ክላስ ይፈጥራል፤ ላኪው ደግሞ ሲፈጠር ትእዛዝ የሚያስፈጽም ክላስ ይመርጣል። በ2017 ከወጣው ድክመት በኋላ የተከለከሉ ክላሶች ዝርዝር እየረዘመ ሄደ፤ ኋላም የሚፈቀዱትን ብቻ መዘርዘር መጣ። የሚፈጠረውን ዓይነት መምረጥ ያለበት ተቀባዩ ነው፤ ላኪው አይደለም።

ምላሽ 21፣ 22 እና 23። እዚህ ላይ ነገሩ ተበተነ። አንዱ ጄሰን ለምን አስተያየት መጻፊያ የለውም ብሎ ጠየቀ። ሌላው ጄሰንን ያስተዋወቀው ዳግላስ ክሮክፎርድ ሆን ብሎ እንዳወጣው፣ ምክንያቱም ሰዎች የፈቺ ትእዛዝ ማስቀመጫ እያደረጉት ስለነበር እንደሆነ መለሰ። ሦስተኛው ጄሰን ስለማይፈቅዳት የመጨረሻ ነጠላ ሰረዝ አለቀሰ። ልጆች ሲጫወቱ እንደማይከለከሉ ሁሉ ማንም አልከለከላቸውም።

ምላሽ 24። በዚያው መበተን ውስጥ አንድ ጠቃሚ ነገር ተገኘ። ከላቲን ውጭ ያሉ ፊደሎችን አንዳንድ ጸሐፊዎች በቀጥታ ከማስፈር ይልቅ በኮድ ቁጥራቸው ይጽፏቸዋል፤ የፓይተን ነባሪው እንዲህ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል፤ በኮድ ቁጥር ሲጻፍ ግን ስድስት። ሁለቱም ትክክለኛ ጄሰን ናቸው፤ ተነብበውም አንድ ናቸው። የተጻፈውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል እያነጻጸረ ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው ግን ይጉላላል።

ምላሽ 25። አሁን ወደ ዋናው። ይህ ሰው የሚለው የሽቦውን ዓይነትና የሥራውን ዓይነት ለዩ ነው። በሽቦ፣ ማለትም በኔትወርክ፣ የሚመጣውን የሚያነብበው ስትራክት የጄሰኑን ቅርጽ ይምሰል፤ መስኮቹ ሁሉ ሊጎድሉ ይችሉ፤ ቁጥሩ በስትሪንግ ይምጣ፤ ምልክቶቹም ይለጠፉበት። ከዚያ አንድ ፈንክሽን ያንን ወስዶ ወይ የሥራውን ዓይነት ይመልስ፣ ወይ የትኛው መስክ ምን እንደጎደለው የሚናገር ስህተት። የሥራው ዓይነት ስለ ጄሰን ምንም አይወቅ፤ በውስጡ ያለው ስልክ ቁጥር ተራ ስትሪንግ ሳይሆን ተፈትሾ ብቻ የሚፈጠር ስልክ ቁጥር የሚባል ዓይነት ይሁን። የጠያቂው ኮድ ስልክ ቁጥር ያጠፋው ጎ ስለሆነ አይደለም፤ አንድ ስትራክት የመልእክቱም፣ የሥራውም፣ የዳታቤዙም ቅርጽ እንዲሆን ስለተገደደ ነው ይላል። እኔም ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም፤ ከላይ የተባለው የፖይንተርም የድርብ አማራጭም ጉዳይ ቦታውን የሚያገኘው በሽቦው ዓይነት ላይ ነው። ወደ ውስጥ ከዘለቀ ግን እያንዳንዱ ፈንክሽን ኒል ነው ወይ እያለ ሲጠይቅ ይኖራል።

ምላሽ 26። ተቆጣ። ሦስት መስክ ላለው ነገር ሁለት ስትራክትና አንድ ለዋጭ መጻፍ ሥራ ማብዛት ነው፤ እንዲህ የሚመክሩ ሰዎች ኮድ ከመጻፍ ይልቅ ስለ ኮድ መጻፍ ይወዳሉ ይላል።

ምላሽ 27። የምላሽ 25 ጸሐፊ መልስ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ሁሉንም አንተ ሲል የነበረ ሰው ነው። አሁን ድንገት እርስዎ ማለት ጀመረ፤ ያ ከስድብ ይብሳል። እርስዎ የሚጽፉት ፕሮግራም ማንም የማይነካውና መቼም የማይለወጥ ከሆነ አንድ ስትራክት ይበቃዎታል ይለዋል። በአንድ ነገር ግን እጁን ይሰጣል፤ ላኪውም ተቀባዩም በአንድ ሰው እጅ ሆነው አብረው የሚለወጡ ከሆነ መለየቱ ትርፉ ትንሽ ነው።

ምላሽ 28። የማይታወቅ መስክ ሲመጣ ምን ይደረግ የሚለውን ያነሳል። ጎ በነባሪው ችላ ይለዋል፤ ከ1.10 ስሪት ጀምሮ እንዲከለክል ማዘዝ ይቻላል። የጃክሰን 2 ስሪቶች በነባሪው ስህተት ይላሉ። መከልከል የሆሄያት ስህተትን ይይዛል፤ ስልክ የሚለውን ቁልፍ አሳስቶ የጻፈ ላኪ ወዲያው ይነገረዋል። በሌላ ወገን ሰርቨሩ በመልሱ ላይ አንድ መስክ ሲጨምር የሚከለክል አሮጌ መተግበሪያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ስለዚህ ጥያቄን ሲቀበሉ ጥብቅ፣ መልስን ሲያነብቡ ልል መሆን ይበጃል ባይ ነው።

ምላሽ 29። ናን የሚባለው ቁጥር ያልሆነ ቁጥር ሲጻፍስ? ጎ ስህተት ይመልሳል፤ ጃቫስክሪፕት ነል ይጽፋል፤ ፓይተን ጄሰን የማያውቀውን ቃል ይጽፋል። መስመሩ ይኸው ነው፤ ማንም አልተከተለውም።

ምላሽ 30። ችላ ማለት ዋጋ እንዳለው ያሳያል። አንድ መካከለኛ አገልግሎት ጄሰኑን ወደ ስትራክት አንብቦ፣ አንድ መስክ ለውጦ፣ መልሶ ይጽፋል፤ በስትራክቱ ውስጥ የሌሉት መስኮች መንገድ ላይ ቀሩ። ሌላው የመልእክት ቅርጽ ፕሮቶኮል በፈርስም በሦስተኛው ትውልዱ መጀመሪያ የማያውቃቸውን መስኮች ይጥል ነበር፤ በ2017 በወጣው 3.5 ስሪት መልሶ ማቆየት ጀመረ።

ምላሽ 31። በራስት ይህ ቀላል ነው ይላል፤ በስትራክቱ መጨረሻ አንድ ማፕ አስቀምጦ የተረፉት መስኮች ሁሉ ወደ እርሱ እንዲገቡ ማዘዝ ነው፤ ሲጻፍም ተመልሰው ይወጣሉ።

ምላሽ 32። የምላሽ 4 ጸሐፊ ናት፤ እስካሁን የመጨረሻው ምላሽ የእርሷ ነው። የምላሽ 31 ትእዛዝና የማይታወቅ መስክን የሚከለክለው ትእዛዝ በሰርድ በአንድ ስትራክት ላይ አብረው እንደማይሠሩ፣ የላይብረሪው ሰነድም ይህን በግልጽ እንደሚናገር ታስጠነቅቃለች። እርሷ በተግባር የምታደርገው ከውጭ ጥያቄ የሚቀበለውን ስትራክት ጥብቅ አድርጋ፣ መልእክት ተቀብሎ በሚያስተላልፈው አገልግሎት ያለውን ደግሞ የተረፈውን እንዲይዝ ማድረግ ነው። ለሁለቱም ለየብቻ ፍተሻ ትጽፋለች፦ መስኩ የሌለበት፣ ነል የሆነበት፣ ባዶ የሆነበትና የማይታወቅ መስክ የተጨመረበት አራት ናሙና ጄሰን፤ ተነብበው ተመልሰው ሲጻፉ ምን እንደጠፋ የሚያሳዩ።